የጥቅምት እንግዶች በሐዋሳ ሐይቅ

ዛሬ የምፅፈው ረዘም ይላል። «ፈተና ማረም ሰልችቶህ ነው» የሚለኝ ካለ አልከራከረውም።

ወፍ ለማየት ከመፀው የተሻለ ወቅት የለም። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ማለት ነው። ዝናቡ ይሄዳል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሣሩም ገና አልደረቀም። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት እንግዶች የሚገቡትም አሁን ነው። ብዙ ሰው ሐዋሳ የሚመጣው አሳ ሊበላና ፎቶ ሊነሳ ነው። አልነቅፍም፣ እኔም አሳ እወዳለሁ። ግን ፍቅር ሐይቅ ላይ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ሰልፊ የሚነሳ ሰው ባየሁ ቁጥር «ወንድሜ፣ አንዴ ዙር እስኪ» ልለው ይቃጣኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ደረስኩ። ጠዋት ጠዋት እዚያ የአሳ ገበያ ስለሆነ መቆሚያ የለም። ከሰዓት በኋላ ግን ሰዉ ይበተንና አባ ኮዳዎቹ ብቻ ይቀራሉ፣ የጡረታ ደሞዝ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ትከሻቸውን ሰብስበው። እግራቸው ነጭ የሚመስለው ለምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁ ታስታውሳላችሁ አይደል? ሙቀት ሲበዛባቸው እግራቸው ላይ ይፀዳዳሉ፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል። ያን ቀን የሳቃችሁት ሳቅ ዳይሬክተር ቢሮ ድረስ ተሰምቶ ነበር።

ጀልባ የያዘልኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። የ2009 ባች፣ ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ልጅ። ስሙን አልፅፍም፣ አብራችሁት የተማራችሁ ግን ታውቁታላችሁ። ጀልባው የሌላ ሰው ነው፣ እሱ በድርሻ ይቀዝፋል። እስካሁን «እርስዎ» እያለ ያስረጀኛል፣ ገና ሠላሳ አራቴን ነው የያዝኩት!

ቄጠማው ወዳለበት ዳርቻ ወሰደኝ። ምን አለፋችሁ፣ ልጁ አስተማሪ ሆኖ እኔ ተማሪ ሆንኩ። የእኔ አቅራቢ መነፅር እየፈለገ እያለ የሱ ዓይን አግኝቶ ጨርሷል። «ማላካይት ኪንግፊሸር፣ ቲቸር፣ ቀኝ በኩል፣ የታጠፈው ቄጠማ ላይ።» እውነትም አለች። አውራ ጣት የምታክል ነገር፣ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ምንቃሯ ቀይ። ትንሽ እልፍ እንዳልን ያቺ ጥቁርና ነጭ የሆነችው ዘመዷ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግብና ድንገት እንደ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ትወድቃለች። አራት ጊዜ ወረደች፣ አንድ አሳ ይዛ ወጣች።

የውሃ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመደውን ጃካናም አየን። ጣቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቱ ተበትኖለት ቅጠሉ አይሰምጥም። የዚህ ወፍ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወደ ሌላ ባል ትሄዳለች። (ሚስቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለችኝ።)

ልጁን «ይሄን ሁሉ ስም ከየት አመጣኸው?» አልኩት። አንድ ፈረንጅ ቱሪስት ትቶለት የሄደ መፅሐፍ አለው፣ ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሾ ስለ አፍሪካ ቀንድ ወፎች የፃፉት። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት መምህር ቢያዩት ያለቅሳሉ፣ ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብብ ሲባል ሽንት ቤት ነበር የሚሄደው።

እስከ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል 31 ዓይነት ቆጠርን። ከዚያ ውስጥ በአማርኛ ስም ያገኘንላቸው ስምንት ብቻ ናቸው። አባ ኮዳ፣ ሳቢሳ፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ ቁራ፣ ርግብ፣ ዋኖስ፣ ዳክዬ። በቃ። ያ ጭንቅላቱ መዶሻ የሚመስለው፣ ሰው ቢቆምበት የማይፈርስ ትልቅ የእንጨት ጎጆ የሚሠራው ወፍ እንኳ እኛ ጋ «ወፍ» ነው። ቅድመ አያቶቻችን ይህን ጎጆ አይተው ዝም አሉ ብዬ አላምንም። ስሙ የሆነ ቦታ፣ የሆነች አያት አፍ ላይ አለ።

ልንመለስ ስንል ነው ያቺ የመጣችው። ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ፣ ጉሮሮዋ ቀላ ያለ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መቶ ሆኑ። ውሃውን እየላሱ ወደ ደቡብ። እኔም የመምህር አመሌ አልቀረም፣ ማስረዳት ጀመርኩ። አንዷ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፣ ከአውሮፓ ተነስታ ባሕርና በረሃ አቋርጣ ነው የመጣችው፣ እዚህም አትቀርም፣ ገሚሶቹ በኬንያና በታንዛኒያ አድርገው ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይወርዳሉ አልኩት።

መቅዘፊያውን አቆመ። «በዚያው መንገድ ነዋ እኛም የምንሄደው» አለ።

ወንድሙ ጆሃንስበርግ ሱቅ አለው። ደላላው በሞያሌ እንደሚያሻግረው ነግሮታል፣ ግማሹን ብር አጠራቅሟል። ትንሽ ቆየና «ቲቸር፣ ከነዚህ ስንቱ ይመለሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚሄዱት ልጆች ግን አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ያልቃሉ።

መጋቢት 2012 ላይ ሞዛምቢክ፣ ቴቴ በሚባለው ግዛት፣ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው መገኘታቸውን አነሳሁበት። 14 ብቻ ነበሩ በሕይወት የወጡት። «እሱን ሁላችንም እናውቃለን» አለኝ። «የማናውቀው እዚህ ቁጭ ብለን ምን እንደምንሆን ነው።»

አትሂድ አላልኩትም። በኔ ደሞዝ ላይ ሆኜ «አገርህ ላይ ሠርተህ ትለወጣለህ» ልበል ብል አፌ አይታዘዝልኝም። ሂሳብ ግን አሠራሁት። ሰልፊ የሚነሳው ሰው ጀልባ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ በዋጋም ይከራከራል። ወፍ ሊያይ የመጣ ሰው ሦስትና አራት ሰዓት ይቆያል፣ ደስ ካለው ነገም ይመጣል፣ ጓደኛውንም ይልካል። አምና እንደዚህ ዓይነት አስራ አንድ እንግዳ አገኘ። ዘንድሮ ከመስከረም ወዲህ ሁለት። «ከተማው ውስጥ እንዳንተ ወፍ የሚያውቅ ስንት ባለጀልባ አለ?» ስለው ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። ደላላው እስከ ጥር ቀን ሰጥቶታል።

እንግዲህ ከናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገጠር ያደጋችሁ፣ ወይም አያት ያላችሁ፣ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም በወላይትኛም በኦሮምኛም ይሁን የወፎቹን ስም ኮሜንት ላይ ፃፉልኝ፤ ደብተር ከፍቻለሁ፣ ማን እንደነገረኝም እየመዘገብኩ ነው። ያቺን ባለ መቀስ ጭራ ከሁሉ አስቀድሙልኝ። ሁለተኛ፣ አስጎብኚ ድርጅት የምትሠሩ፣ ወይም ለጥምቀት ወደ ሐዋሳ እንግዳ የምታመጡ ካላችሁ የልጁን ስልክ በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። ጀልባው ሞተር የለውም፣ የሚቸኩል ሰው አትላኩ።