በአንድ ጀልባ ሰባት ቀን

በየብስ የሚጓዝ ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር ባይስማማ ተለይቶ ሌላ መንገድ ሊይዝ ይችላል። በውሃ ላይ የሚጓዝ ሰው ግን ይህ ነጻነት የለውም። ስለዚህ የጀልባ ጉዞ የሚቃናውም የሚበላሸውም ገና በየብስ ሳሉ፥ ወረቀትና እርሳስ ይዘው በሚመክሩበት ሰዓት ነው።

ይህን የተረዳነው ከባሕር እጅግ በራቀችው በካርቱም ከተማ፥ በሱቅ ዐረቢ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በሥራ ምክንያት በዚያ የተገኘን ስምንት ኢትዮጵያውያን፥ አምስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች፥ ማታ ማታ በዚህ ገበያ ከሻይ ሻጮች ዘንድ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠን እንጫወት ነበር። አንድ ቀን በአንድ የጉዞ ወኪል መስኮት ላይ የካሪቢያን ደሴቶችንና ካታማራን የተባለውን ባለ ሸራ ጀልባ የሚያሳይ ሥዕል አየን። ይህ ጀልባ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀፎዎች አሉት። በእነዚያ ደሴቶች ቤተ ሰቦች ለሳምንት ይከራዩታል፤ ቀን ከደሴት ወደ ደሴት ይሄዱበታል፥ ሌሊትም ያድሩበታል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ግን ብርቱ ዐውሎ ነፋስ የሚነሣበት ስለ ኾነ ጠንቃቆች ይሸሹታል። የኪራዩን ዋጋ በሰማን ጊዜ ከስምንታችንም የዓመት ቁጠባ በላይ ኾኖ አገኘነው።

ነገር ግን ከተቀመጥንበት ወደ ሰሜን ጥቂት ቢራመዱ ዓባይ ይገኛል። ይህ ውሃ ከጣና ተነሥቶ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የመጣ ነው። «ውሃው ከአገራችን ወደ እኛ ከመጣ፥ እኛስ ወደ መነሻው ለምን አንሄድም?» ተባባልን። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴቶቹም 37 ናቸው ይባላል። ዝናብ የሌለበትን የጥርን ወር መረጥን። ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ጀልባው ጎሕ ሲቀድ እንዲነሣ ቈረጥን።

አማርኛ የሚማሩ አንባብያን እዚህ ላይ ጥቂት ቃላት እንዲያስተውሉ እንወዳለን። አማርኛ ሐይቅ የሚለውን እኛ በትግርኛ ቀላይ እንለዋለን፤ በአማርኛ ግን ቀላይ ማለት ጥልቅ የውሃ ስፍራ ነው። መርከብ የሚለውን ቃል ዐረብኛም ስለሚጋራው የሱቅ ዐረቢ ነጋዴ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። ካታማራን በደቡብ ሕንድ በታሚል ቋንቋ «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። የጣና ታንኳም ከታሰረ ደንገል የሚሠራ ስለ ኾነ፥ ሁለቱ በስም አሰጣጥ የተዛመዱ ይመስላሉ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ዕቅዱን እንዲጽፉ የተመረጡት ሁለት ወንድሞች ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን በመጀመሪያ አሰፈሩ። ዳጋ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አስከሬን ተጠብቆ የሚገኝበት ገዳም ነው። ወደ ሁለቱም ገዳማት ግን ሴቶች አይገቡም። ገንዘቡን ደግሞ ሁላችን እኩል አዋጥተናል። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት፥ ገንዘብ ያዣችንም የነበሩት እኅታችን ወረቀቱን አንብበው፥ «ገንዘቤ ከደሴቱ ሲወርድ እኔ ከጀልባው ልቀር ነውን?» አሉ።

አንዱ ወንድም፥ «እትዬ፥ የገዳም ሥርዓት ነው፤ ምን ይደረጋል?» ቢላቸው፥ «ሥርዓቱንስ አልነቀፍሁም። እኔ የምጠይቀው እናንተ ስለ ጻፋችሁት ወረቀት ነው» ብለው መለሱ።

ነገሩ እውነት ነበር። የገዳሙን ሥርዓት መለወጥ የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ የራሳችንን ወረቀት መለወጥ ግን በእጃችን ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ለመድነው ገጹን በመሥመር ለሁለት ከፈልነውና፥ በየቀኑ በቀኝ የሚወርዱትን በግራ የሚቀሩትን ጻፍን። በግራ ስም በተገኘበት ቀን ሁሉ ሌላ መላ ፈለግን። ከክብራን አጠገብ እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ ሴቶች ይገቡበታል። ስለዚህ ወንዶቹ በአንዱ ሲወርዱ ሴቶቹ በሌላው እንዲወርዱ ኾነ። ዳጋ ከደቅ ደሴት በስተ ምሥራቅ ነው፤ በምዕራቡ በኩል እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ይገኛል። ወደ ዳጋ ለሚደረገው መንገድ የሚወርዱት ብቻ እንዲከፍሉ፥ በናርጋና በዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁላችን አብረን እንድንውል ተስማማን። እኅታችንም የገንዘቡን ከረጢት እንደ ገና ተቀበሉ።

በመተማ በኩል ወርደን ጉዞውን እንደ ተጻፈው ፈጸምን። በናርጋ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በዚህ ሥዕል ፊት እኅታችን ብዙ ቆሙ፤ የቸኰለም፥ የጠራቸውም አልነበረም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተጀመረው ጦርነት ሱቅ ዐረቢን አቃጠለው፤ በዚያ ይሠሩ የነበሩትንም በየአገሩ በተነ። በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልልም ውጊያ ተነሣ። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያስብ ሰው ከወር ምርጫና ከጀልባ ዋጋ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቅ። ቀጥሎም ገጹን በመሥመር ለሁለት ይክፈል፥ የደሴቶቹንም ስም ከመጻፉ በፊት ከጀልባው የሚቀረው ማን እንደ ኾነ ይመርምር።