የጣሪያ ጭነት፣ ተሳቢና ናፍጣ፦ ከድሬዳዋ በሚወጡ ሁለት መንገዶች

በመኪና ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ ነዳጅ የሚያስጨምረው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም በክብደቱ፣ አንድም ንፋስ በመቋቋሙ። ሁለቱ በየመንገዱ እኩል አይበሉም። ልዩነቱን ለማየት ከድሬዳዋ የሚመች ከተማ ጥቂት ነው። አንዱ መንገድ ደንገጎን ሽቅብ ይዞ ወደ ሐረር ይወጣል፤ ሌላው የሽንሌን ሜዳ አቋርጦ ወደ ደወሌና ጅቡቲ ይወርዳል።

በውጭ አገር ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በጀልባ ነው፤ ቤተሰብ ለዕረፍት ሲወጣ ጀልባውን ጣሪያ ላይ አስሮ ከኋላ ተሳቢ ይጎትታል። ድሬዳዋ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ውሃ የላትም፤ የደቻቱ ወንዝም ጎርፍ ካልመጣ በቀር አሸዋ ነው። በአባዱላውና በላንድክሩዘሩ ፖርቶመጋላ ላይ የሚታየው የስፖንጅ ፍራሽ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ አልጋና ጆንያ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የጀልባውን ጠባይ የያዘው ፍራሹ ነው። ክብደቱ ከቁጥር አይገባም፣ ግን ሰፊ ነው። ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሚዛን ላይ ቀላል የሆነውን ዕቃ ለሞተሩም ቀላል ያደርገዋል።

የንፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነት እጥፍ ሳይሆን በፍጥነት ስኩዌር ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ክምር በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በድሬዳዋ ከፍታና ሙቀት 220 ኒውተን ገደማ ተጨማሪ ግፊት ያመጣል። ይህ በ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር ያህል ናፍጣ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ያው ክምር ከአንድ ሊትር በታች ይወስዳል። ከፊት የሚነፍስ ንፋስ ሲጨመር ሒሳቡ ይከብዳል። በ80 የሚሄድ መኪና የ20 ኪሎ ሜትር ንፋስ ከፊቱ ከገጠመው፣ አየሩ የሚመታው በ100 ነው፤ ግፊቱም ከግማሽ በላይ ይጨምራል። የአሜሪካ መንግሥት ለአሽከርካሪዎች ያወጣው መረጃም ወደዚሁ ያመራል፦ ትልቅ የጣሪያ ሣጥን በከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በፈጣን አውራ ጎዳና ከ10 እስከ 25 በመቶ የነዳጅ ቁጠባን ይቀንሳል።

በደንገጎ መንገድ ነገሩ ይገለበጣል። መኪናው ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ በጠመዝማዛው ላይ ስለሚያዘግም ንፋሱ ከቁም ነገር አይቆጠርም። የሚከፈለው ለክብደት ነው። 300 ኪሎ ጭነት ይህን ሽቅብ ለመውጣት ሩብ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ጣሪያ ላይ ይሁን ወንበር ሥር፣ ለውጥ የለውም። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ባለተሳቢ መኪና ግን ለከፍታው ብቻ ከ20 ሊትር በላይ ያቃጥላል። ቁልቁል ሲመለስ ያ ናፍጣ አይመለስም፤ አብዛኛው ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። (ጣሪያ ላይ የተከመረ ከባድ ዕቃ በደንገጎ ኩርባዎች መኪናውን ለመገልበጥ ማመቻቸቱ ከነዳጁ የባሰ ጉዳይ ነው።)

ተሳቢ ሲቀጠል የጣሪያው ጭነት የሚያደርሰው ጉዳት በተሳቢው ቁመት ይወሰናል። ተሳቢው ከመኪናው ረጅምና ሰፊ ከሆነ፣ ጣሪያውን ተሻግሮ የሚመጣው አየር ለማንኛውም የተሳቢውን ግንባር መምታቱ አይቀርም። ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ ያንኑ አየር ቀድሞ ስለሚከፍለው፣ የሚጨምረው ወጪ ተሳቢ ከሌለው መኪና ያነሰ ይሆናል። በከባድ መኪና ካቢና አናት ላይ የሚገጠመው ዘቅዘቅ ያለ የንፋስ መከለያ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ተሳቢው ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም የለም፤ የፍራሹ ዕዳ ሙሉ በሙሉ በተሳቢው ዕዳ ላይ ይደረባል። በደንብ ያልታሰረ ሸራም በሁለቱም ሁኔታ እየተርገበገበ ንፋስ ይይዛል።

ወደ ጅቡቲ በተወረደ ቁጥር አየሩም ይወፍራል። ድሬዳዋ ላይ በ32 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባሕር ዳርቻው ላይ 1.15 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ያው ጭነት በዚያው ፍጥነት እዚያ 15 በመቶ ያህል የበለጠ ይገፋል።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ፣ ይህ ሒሳብ የሹፌሩንም የተሳፋሪውንም ኪስ የሚነካ ሆኗል። ተሳቢ ያለው ሰው ሰፋፊውን ዕቃ ከጣሪያ አውርዶ ተሳቢው ላይ፣ ከመኪናው ቁመት ሳያሳልፍ ቢያስተኛው ይሻለዋል። ባዶ ፖርቶመጋላም ንፋስ ስለሚይዝ፣ ሥራ ከሌለው ቢፈታ ይመረጣል። ሁሉም ካልሆነ ደግሞ ፍጥነት መቀነስ አለ። 220 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የደወሌ መንገድ ያን ክምር ጭኖ ከ90 ወደ 70 ዝቅ ያለ ሹፌር 40 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል፤ ከጣሪያው ጭነት ብቻ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ያተርፋል።