ግማሽ ቀን በደንቆሮ ጫካ

የዓመት ዕረፍት ሲደርስ ልጆችን ይዞ ጫካ ለመጎብኘት ማቀድ በእኛ ከተሞች ገና ብዙ አልተለመደም። ዕረፍት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ላንጋኖ ወይም ሶደሬ ነው፤ ኪስ ካልፈቀደ ደግሞ ዘመድ ጥየቃ። እንዲያውም በቋንቋችን «ጫካ ገባ» ማለት ሸፈተ ማለት በመሆኑ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ልጆቼን ይዤ ጫካ ልገባ ነው» ስላት ደንግጣ «ምነው፣ ከባለቤትሽ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?» ብላኛለች። በሌላው ዓለም ግን ይህ ራሱን የቻለ የሥራ መስክ ሆኗል። በኮስታ ሪካ ጎብኚው ጧት ከሆቴሉ ይወሰድና በዛፎች አናት ላይ በተዘረጋ የብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ሲንሸራተት አርፍዶ ለምሳ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። የግማሽ ቀን ጉብኝት ይሉታል። የእኛዋ ግማሽ ቀን ግን የአራት ቀን መንገድ ጠይቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የቦረና ሰው ናት። ቦረና ስል ብዙዎች በደቡብ ያለውን የከብት አርቢዎቹን አገር ያስባሉ፤ እኔ የምለው የወሎውን ነው። ከደሴ በስተምዕራብ፣ የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጠው ወደ ዓባይ ሸለቆ አቅጣጫ ሲያዘልቁ መካነ ሰላም የምትባል ከተማ ትገኛለች። እናቴ ከዚያ የወጣችው በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመለሰችው ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ለለቅሶ ነው። በ2011 ዓ.ም. የልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲቃረብ «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላለቅስ አገሬን ልይ» አለችን። ልጄ ደግሞ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርና ከትምህርት ቤት መጽሐፉ ስለ ቀይ ቀበሮ አንብቦ እሱን ካላየሁ ይል ነበር። ሁለቱን ምኞት በአንድ መንገድ ለመፈጸም ደንቆሮ ጫካን መረጥን።

የጫካው ስም ልጆቼን እስኪበቃቸው አስቋቸዋል። ዛሬ በመንግሥት መዝገብ የሚታወቀው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ነው። በ2001 ዓ.ም. በፓርክነት ሲከለል ከ4,000 ሄክታር ብዙም የማይበልጥ ስፍራ ነበር፤ ኋላ ወደ ወረሂመኖ በኩል ሰፍቷል። ከሥሩ ወይራውና ጽዱ ነው፤ ከፍ ሲባል ኮሶውና አስታው ይመጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ ዛፉ እየሳሳ ጓሳና ጅባራ ብቻ የሚታይበት ሜዳ ይሆናል። ቀይ ቀበሮው የሚኖረው እዚያ ላይ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ሰስና ነብርም አሉበት።

እዚህ ላይ ለእናቶች አንድ ነገር ላሳስብ። ቦረና በካርታው ላይ ሲታይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ ያለው በሞቃታማው የዓለም ክፍል ውስጥ ነው። ይህን አምኖ ለልጆቹ ቁምጣና ነጠላ ጫማ የሚሸክፍ ሰው ግን ወዮለት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መካነ ሰላም ራሷ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጫካው ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል። በጥር ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ያድራል። ስለዚህ በሻንጣችን ውስጥ የዋና ልብስ አልነበረም። ሹራብ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ካልሲና አንድ ጋቢ ነበር። ጋቢው ኋላ ምን እንደሠራ እነግራችኋለሁ።

ሠራተኛ የሆነች እናት መጀመሪያ የምትቆጥረው ግን ልብስ ሳይሆን ቀን ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የሚያገኘው የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚህ ላይ የልጅ ሕመም፣ ለቅሶና ሠርግ ሲቀነስ የሚተርፈውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ቀን ይፈጃል። በማግሥቱ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ይደረሳል። ለመልስም እንዲሁ ሁለት ቀን። ቅዳሜንና እሑድን አስገብተን፣ ባለቤቴ ሦስት ቀን እኔ ሦስት ቀን ከየመሥሪያ ቤታችን ወስደን ወጣን። ለስንቅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ አዘጋጀሁ፤ ጭኮ ሳይበላሽ ይቆያል፣ በብርድ ጊዜም ከብስኩት ይልቅ ያሞቃል።

መካነ ሰላም እንደደረስን ስለ መግቢያው ጠይቀን ለማግሥቱ አንድ የፓርክ ጠባቂ ተያዘልን። ዕቅዳችን ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነበር፤ በ12 ሰዓት ከከተማ መነሣት፣ እስከ 3 ሰዓት ሜዳው ላይ መድረስ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ መውረድ። ሆኖም የሰው ዕቅድ ቁርስ ቤት ገብቶ ይቀራል። ባረፍንበት ቤት ሻይ እስኪፈላ፣ ልጆች እስኪነቁ፣ ከዚያም የመኪናው ጎማ ተንፍሶ እስኪነፋ ድረስ የተነሣነው በ2 ሰዓት ተኩል ነው። ታናሿ ልጄ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። ብርዱ ቁርስ አስጠልቷት ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። እኔም ከመቸኮሌ የተነሣ «መንገድ ላይ ትበያለሽ» ብዬ አለፍኩት።

ከጫካው ጫፍ ላይ መኪናውን አቁመን ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ ሲቀበለን እናቴ ከኋላዬ ተሸሸገች። በእውነት ተሸሸገች፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ሴት። በልጅነቷ ከዚህ ጫካ ዳር ጭራሮ ስትለቅም አንድ ጠባቂ ይዟት ገመዷንና ማጭዷን ቀምቶ ባዶ እጇን ወደ እናቷ ልኳት ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ በሄደችበት አገር ሁሉ የደን ጠባቂ ልብስ ሲያይ ልቧ ይደነግጣል። ይህን የሰማነው እዚያው ቆመን ነው። ወጣቱ ጠባቂ ሳቀና «አብሽሪ እማማ፤ አሁን ገመድ የሚቀማ የለም» አላት። እሷም ሳትስቅ «ገመዱ የማን እንደነበር ታውቃለህ ልጄ? የጎረቤት ነበር፤ ዋጋውን በጉልበቴ ነው የከፈልኩት» አለችው። እሱም ወዲያው ፊቱን ቋጠር አድርጎ ዝም አለ።

ከመንገዱ ዳር የአገሩ ሴቶች ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ዐረፍ ብለው ነበር። እናቴ ጉልበቷን ያማታልና አቀበቱን ትታ ከእነሱ ዘንድ መቀመጥ መረጠች። ስንለያይ ቀድሞውኑ የዘር ሐረግ መቁጠር ጀምረው ነበር።

ጉዟችን ገና ሲጀመር አንድ የመንደር ውሻ ተከተለን። ልጄ ዳቦ ሊሰጠው ሲል ጠባቂው ድንጋይ አንሥቶ አባረረው። ልጄ ተቀየመ። ጠባቂው ግን ነገሩን በትዕግሥት አስረዳው። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አውሬ ነው፤ በመላው ዓለም ያለው ተቆጥሮ 500 አይሞላም። ከጥይት ይልቅ የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። እንደ ቦረና ባለ ትንሽ ስፍራ ያሉት ቀበሮዎች ጥቂት በመሆናቸው አንድ የታመመ ውሻ ለሁሉም ሊበቃ ይችላል። ልጄ ዳቦውን ራሱ በላው።

የወይራውና የኮሶው ጥላ ውስጥ ስንገባ ድምፃችን ሁሉ ቀነሰ። የኮሶ ዛፍ ቀይ አበባ ከላይ እንደ ጆንያ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ የድሮ እናቶች ለትል መድኃኒት የሚያጠጡት እሱ ነው። ከዛፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ ሽበት ተንጠልጥሏል። ልጄ ወንድሟን ጠርታ ድምፁዋ ሳያስተጋባ ሲቀር «ለካ ጫካው እውነትም አይሰማም፣ ለዚህ ነው ደንቆሮ ያሉት» ብላ ፈረደች። የስሙ ምንጭ ይህ ይሁን አይሁን እንጃ፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ጭላዶቹን ያየናቸው ከገደሉ አፋፍ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ጧት ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ሣር እየነጩ የሚውሉ ናቸውና ተቀምጠው በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ይግጣሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ስፍራ ከሩቅ ይለያል። እናት ጭላዳዎች ግልገሎቻቸውን በጀርባ አዝለው ሲሄዱ ያየች ሴት ሁሉ የራሷን አንቀልባ ማስታወሷ አይቀርም። በላያቸው ማጅራቱ ነጭ የሆነ ትልቅ ቁራ ያንዣብብ ነበር።

አስታው አልቆ ጓሳው ሲጀምር ሰዓቱ 5 ሊሞላ ነበር። ጠባቂው በእጁ ወደ አንድ ኮረብታ አመለከተና «ከዚያ ወዲያ ቀበሮው አይጥ ሲያድን ይውላል፤ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው» አለ። ልጄ መሮጥ ጀመረ። እኔ ዞር ብዬ ታናሿን ሳያት ከንፈሯ ነጥቷል። «ራሴን» አለችኝ፣ ቀጥሎም አስመለሳት። ያስመለሳት ውኃ ብቻ ነበር፤ ሆዷ ውስጥ ሌላ ምን ነበርና?

ከፍታ ላይ ሕፃን ራሱን ሲያመውና ሲያስመልሰው መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ይህን ከመምጣቴ በፊት አንብቤዋለሁ። ብርዱ፣ ከፍታው፣ ያልተበላው ቁርስ ተደራርበውባታል። ባለቤቴ «አንቺ ይዘሻት ውረጂ፣ እኔ ልጁን ላሳየው» አለ። ጠባቂው ግን አንድ ነው፤ ጉም ደግሞ ከሸለቆው እየወጣ ነበር። «ለሁለት አልከፍላችሁም እኅቴ» አለኝ በትሕትና። ልጄ ዐይኔን ዐይኔን ያየኛል። አምስት መቶ ከማይሞላው ውስጥ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው። «ትንሽ ታርፍና ትሻላታለች፣ እማዬ፣ በቃ ግማሽ ሰዓት ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ለአንድ አፍታ ልታረፍ ብዬ አስቤያለሁ፤ ሁለት ቀን ተጉዘን፣ ከዕረፍታችን ሦስት ሦስት ቀን ከፍለን፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን። ከዚያ ልጅቷ በቆመችበት ስትወዛወዝ አየሁ። በጋቢው ጠቅልለን አባቷ ጀርባ ላይ አዘልናትና ሁላችንም ወረድን። ልጄ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም።

እናቴና ሴቶቹ ገና እዚያው ነበሩ። አንዷ ከመንደሯ እሳት አምጥታ ሻይ አፍልታለች። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ልጅቷን ከጀርባው ተቀብላ በሶ በስኳር በጥብጣ በትንሽ በትንሹ አጠጣቻት። ብዙም ሳይቆይ ቀለሟ ተመልሶ ስለ ጭላዳ ታወራ ጀመር። አውርታ አውርታ በመጨረሻ ወንድሟን አየችውና ዝም አለች። ጠባቂው ሻዩን ጠጥቶ ሲነሣ እናቴ ትርፉን ጭኮ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። ለምን እንደሰጠችው አልጠየቅኋትም።

እንደዚህ ያለ ጉብኝት ለምታስቡ እናቶች ከስሕተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ቁርስ ከመተኛታችሁ በፊት ተዘጋጅቶ ይደር፤ ሆቴል አትጠብቁ። ልጅ ሳይበላ ካልወጣችሁ የማይሆን ከሆነ መውጣቱ ይቅር። ጠባቂ ወይም አስጎብኚ ሁለት ያዙ፤ አንዱ ቢመለስ ሌላው ይቀጥላል፣ ወጪው ከጎማ ማስነፊያ ብዙም አይበልጥባችሁም፣ ገንዘቡም ለአገሩ ልጅ ነው። ሁለት ሌሊት መካነ ሰላም እደሩ፤ እኛ አንድ ቀን ለመቆጠብ ብለን የልጁን ቀበሮ አስቀረነው። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቻችሁን አንድ ቅዳሜ ለአዲስ አበባ ቅርብ በሆነው በወጨጫ ተራራ፣ በመናገሻ ሱባ ደን አስኪዷቸው። ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ፣ ምን ሲሆኑ እንደሚያለቅሱ፣ ጫማቸው የት ላይ እንደሚልጣቸው እዚያ ይታያል።

ወቅቱን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል። የመንገዱን ነገር ግን የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ አትነሡ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ስንት ቤተሰብ ከመንገድ እንደቀረ የታወቀ ነው። ከዚያ በፊትም ደሴ ራሷ በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፋለች። በስልክ ዘመድ ጠይቁ፣ የአውቶቡስ ሰዎችን ጠይቁ፤ አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ ጫካው ይቆያችኋል።

እኛም ስንጠብቅ ዓመታቱ አለፉ። እናቴ ስልክ ከአገሯ ሲደወልላት ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀው «መንገዱ እንዴት ነው?» ብላ ነው። ልጄ አሁን ከእኔ ቁመት በልጧል። ለደንቆሮ ብለን የገዛንለትን ጫማ እኅቱ ወርሳው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ለካቻት፣ ለእሷም ጠቧታል።