«በሞቴ» ስንል በማን ሞት ነው?

የዛሬ 2 ዓመት የፋሲካ ዕለት፣ እኛ ቤት ያደገ አንድ ዘመዴ ቤት ተሰብስበን ዶሮ እየበላን ነበር። 55 ቀን የጾመ ሆድ ነውና ሁሉም ይበላል፣ ሁሉም ይጠጣል። ዘመዴ ብርጭቆውን በመዳፉ ከድኖ «ይበቃኛል» አለ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ጆጉን ተቀበልኩና «በሞቴ! ለበዓሉ ነው፣ አንድ ብቻ» ብዬ እጁን አንሥቼ ጠላውን ሞላሁለት። ቀና ብሎ አየኝና ጠጣ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ግራ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ።

አንድ ብርጭቆ ጠላ ሰው እንደማይጥል አውቃለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። ዘመዴን የጣለው ለዓመታት በአግባቡ ሳይያዝ የቆየ የደም ግፊት ነው። ነገር ግን ያ ብርጭቆ ብቻውን አልነበረም። ከእሱ በፊት ብዙ ብርጭቆዎች፣ ብዙ ጉርሻዎች፣ ብዙ «በሞቴ»ዎች ነበሩ። ብዙዎቹም በእኔ እጅ የተሰጡ ናቸው።

ዘመዴ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ አለ። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ «ስሜን ብቻ ተዪው፣ እታለም» ነው ያለኝ። ዘመዶቼ ብዙ ናቸውና የትኛው ይሆን ብላችሁ አትድከሙ።

በ1998 ዓ.ም. በቃሬዛ ተይዞ ሲመጣ ቆዳና አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሳንባ ነቀርሳም ይዞታል። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያን ጊዜ ከእኛ ከአንበሳሜ አካባቢ የሚሄድ ሕመምተኛ በሐሙሲት አድርጎ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ድረስ ይጓዝ ነበር። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ሰዓት ጠብቆ የሚዋጥ ነው። እኛም «ብሉ! እንቁላል ብሉ፣ ቅቤ ጨምሩ፣ ክብደታችሁ ይምጣ» እያልን እንመክር ነበር። ምክራችን ለጊዜው ትክክል ነበር፤ ሰው እየከሳ ይሞት ነበራ።

በጥቂት ወራት ውስጥ የዘመዴ ጉንጭ ሞላ። እናቱ እልል አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኛ ቤት መወፈር ማለት መዳን ማለት ሆነ። መክሳት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። መድኃኒቱ ተሻሽሎ በቀን አንድ ፍሬ ሆነ። የደም ምርመራው ቫይረሱ በመሣሪያ የማይታይበት ደረጃ ላይ መድረሱን አሳየ። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ሚስቱ ነፃ ናት፤ ሁለቱ ልጆቹም ነፃ ናቸው። እንግዲህ ሞትን አለፍን ብለን ተቀመጥን።

ያላየነው ሌላ ነገር ነበር። ቫይረሱ ቢተኛም በሰውነት ውስጥ ቀስ ያለ ብግነት ይቀራል። በዚህም የተነሣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች የልብና የደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ዕድሜ ይጨመራል። በ40 ዓመቱ ይሞታል ያልነው ሰው 60 ሲሞላው ግፊቱም ስኳሩም እንደማንኛውም ሰው ይመጣበታል። ዘመዴም ከመውደቁ ከ2 ዓመት በፊት ግፊቱ ተለክቶ 160 በ100 ሆኖ ተገኝቶ ነበር። 140 በ90 ሲደርስ ነው ከፍተኛ የምንለው። ጨው ቀንስ፣ መጠጥ ተው፣ ክብደት ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ ተባለ። ካርዱ ላይም «ምክር ተሰጥቷል» ተብሎ ተጻፈ።

ይህችን «ምክር ተሰጥቷል» የምትል ቃል እኔም በሥራ ዘመኔ ቁጥሯን በማላውቀው ካርድ ላይ ጽፌያታለሁ። ሕመምተኛው ሳይሻለው ተመልሶ ሲመጣም «ይኸው ነግሬህ ነበር!» ብዬ እቆጣ ነበር። ምክሬ ከሰውየው ጋር ቤት ሲገባ ምን እንደሚገጥመው ያየሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ዘመዴን ላስታምም አንድ ወር ቤቱ ስቀመጥ ነው።

ቤቱ ወደ ወረታ መንገድ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ድሮ በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር፤ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ከሞፈር ጋር እንደሚሄድ ቆጥሮት አያውቅም። ሩዝ አካባቢውን ሲያበለጽገው ማረሱን ትቶ ሩዝ ነጋዴ ሆነ። አሁን ቀኑን ሙሉ መፈልፈያ ቤት ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጆንያ ያስቆጥራል። ገበሬ የነበረን ሰው «ስፖርት ሥራ» ስትሉት ይስቅባችኋል። እግሩ ሥራ እንደፈታ ለራሱም አልታወቀውም።

ምግብ የምትሠራው የመጀመሪያ ልጁ ናት። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲወጣ እንደገና ይነሰነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። እዚያ ቤት በአንድ ምሳ ይህን ያህል ሳይገባ አይቀርም። ልጅቱ አልተነገራትማ!

«ግፊት አለብኝ ብለህ እንኳ አትነግራትም?» አልኩት።

«እታለም፣ አንዱን በሽታ ከነገርኳት ሌላውን ትፈልገዋለች» አለኝ። «ካርድህን አሳየኝ ትላለች። ይህ ክኒን የምንድን ነው፣ ያኛውስ ትላለች።»

የቫይረሱን መድኃኒት ጆንያ መሐል ደብቆ ለዓመታት አንድ ቀን ሳያጎድል ውጧል። የግፊቱን መድኃኒት ግን ትቶታል። ሁለት ዕቃ መደበቅ ከአንድ ዕቃ ይከብዳልና። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ዘመዴ በሽታውን ደብቆም መድኃኒት ተገኝቶለታል፤ ያልተገኘለት ጨው የሚቀንስለት ሰው ነው።

ክብደቱንም ቢሆን ሞክሮ ነበር። ከመውደቁ በፊት ባለው ክረምት ማታ ማታ መብላት ትቶ 4 ኪሎ ቀነሰ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አንዲት ጎረቤት «ውይ፣ ከሳህሳ! ደህና ነህ?» አሉት። ክፉ አስበው አይደለም። እሱ ግን በዚያው ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በማግስቱ ወደ ቅቤውና ወደ ማታ እራቱ ተመለሰ። መጠጡም እንዲሁ ነው። ያልጠጣ ሰው «ለምን?» ይባላል፤ «ለምን?» ከተባለ መልስ ያስፈልገዋል፤ መልሱ ደግሞ ጆንያ መሐል ነው። ስለዚህ ይጠጣል። እኔ ያንን ጠላ የሞላሁለት ምስጢሩ እንዳይወጣ ፈርቼለት ነበር። ጎረቤቶቹ ሲተያዩ ያየሁ እኔ ነኛ!

ይህን ካየሁ በኋላ የድሮ ሕመምተኞቼን አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ጤናቸውን ጠብቀው የኖሩት የተማሩት ወይም ገንዘብ ያላቸው ብቻ አልነበሩም። ፊደል ያልቆጠሩ፣ የቀን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ከመምህራንና ከነጋዴዎች በተሻለ ሲጠነቀቁ አይቻለሁ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በቤታቸው የሚያውቅላቸው አንድ ሰው መኖሩ ነበር፤ ሚስት፣ እህት፣ አማት፣ አንዳንዴም ያደገ ልጅ።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ለመጠመቅ ሲሄዱ መድኃኒታቸውን ቤት ትተው ሊሄዱ ነበር፤ «ጸበልና ክኒን አይቀላቀልም» ብለው። የሚያውቁላቸው ምራታቸው ክኒኑን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው «እማማ፣ ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» አሏቸው። ጸበልተኛዋም ተጠምቀው፣ መድኃኒታቸውንም ሳያቋርጡ ተመለሱ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። እኔ ያንኑ ነገር ነጭ ጋዎን ለብሼ ስናገር ያልሰሙኝ ሴትዮ ከምራታቸው ሰሙት።

ወደ ዘመዴ ልመለስ። ለልጁ ንገራት ብዬ አላስገደድኩትም። ማን ይወቅ፣ መቼ ይወቅ የሚለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ዘመድም ቢሆን፣ ነርስም ብትሆን በሌላ ሰው ምስጢር አፏን መክፈት አይገባትም። ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ «ይህቺ ልጅ በየቀኑ ታበላሃለች። የምታበላው ማንን እንደሆነ አታውቅም።»

ከ3 ሳምንት በኋላ እኔም ሚስቱም ባለንበት ነገራት። 20 ዓመቷ ነው። ትደነግጣለች፣ ትሸሻለች ብለን ፈርተን ነበር። ልጅቱ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «አባዬ፣ ያን ሁሉ ጨው ስጨምር ዝም ብለህ ትበላ ነበር?» ብላ አለቀሰች። ስለ ቫይረሱ የጠየቀችው በማግስቱ ነው። መጀመሪያ ያስለቀሳት ጨው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በርበሬውም ሽሮውም ያለ ጨው ይፈጫል። ወጡ ሲወጣ የአባቷን ቀድማ ታነሣና ለሌላው ጥቂት ታደርጋለች፤ አሁን አሁን ቤተሰቡ በሙሉ ለምዶት የሁሉም አንድ ሆኗል። ሁለቱ የክኒን ዕቃዎች ከጆንያው ወጥተው መኝታ ቤቷ መስኮት አጠገብ ከእናቷ መነጽር ጎን ተቀምጠዋል። ማታ ማታ አባትና ልጅ ግማሽ ሰዓት በእግራቸው ይሄዳሉ፤ በሳምንት 5 ቀን ከሆነ ለልብ የሚመከረው 150 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። ባለፈው ስለካው ግፊቱ 130 በ80 ነበር። የግራ እጁ ጣቶች ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። የጆንያ አፍ ማሰር አይችልም፤ ሰው ያስርለታል።

ውድ አንባቢዎች፣ ከእናንተ መካከል ልጁ፣ እህቱ ወይም ልጇ ከዚህ ቫይረስ ጋር የሚኖር አለ፤ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ አታውቁም። ስለዚህ ማንም ይሁን ማን፣ ከጤና ባለሙያነት ይልቅ እንደ አንዲት ያጠፋች እህት የምላችሁ አለኝ።

ሰው ሲቀንስ አይታችሁ «ከሳህ» አትበሉ። ደስ የሚል ነገር ካጣችሁ ሰላምታው ይበቃል። ብርጭቆውን የከደነን እጅ አታንሡ። የቤታችሁን ጨው ለአንድ ሰው ብላችሁ ሳይሆን ለሁላችሁም ቀንሱ፤ ያን ጊዜ ማንም ተለይቶ አይታይም፣ ለአያትም ለልጅም ይጠቅማል። በጾም ወራት ክኒን የሚውጥ ሰው ካለ ሰዓቱን ከሕክምና ባለሙያው ጋር ይነጋገር፤ በራሱ አያቋርጥ። ግፊት መለካት ደቂቃ አይፈጅም፤ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ለእኔም ለካልኝ» በሉ፣ አጠገባችሁ ያለውም ሳያፍር ይለካል። የሰው አፍ ድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ደግሞ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ከሁሉም በላይ፣ ሊነግራችሁ የሚፈልግ ሰው ቢኖር የሚነገራችሁ ሰዎች ሁኑ። በቤት ውስጥ ስለ ሌላ ሰው በሽታ ስናማ ልጆቻችን እየሰሙ ነው፤ ነገ የራሳቸውን ይነግሩን አይነግሩን እንደሆነ የሚወስኑት በዚያ ሰዓት ነው።

ዘንድሮም ለፋሲካ እዚያው ቤት ነበርኩ። ዶሮው ቀረበ፤ ጠላው ተቀዳ። አንድ ጎረቤት «በሞቴ፣ አንድ ጠጣልኝ» ሲሉ ልጅቱ ከጓዳ በዋንጫ ሞልታ መጥታ ለአባቷ ሰጠችው። ዋንጫ እንደ ብርጭቆ ውስጡ አይታይም። ዘመዴ አነሣና ውሃውን ጠጣ። ጎረቤቱም ደስ ብሏቸው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። እኔም አጠገቤ የነበረውን ጆግ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት።