ናጋድ ላይ የታየ ፊልም

የናጋድ ባቡር ጣቢያ ከጅቡቲ ከተማ መሀል ወጣ ብሎ፣ ደረቅ ሜዳ ላይ የቆመ ነው። ባሕሩ አይታይም፤ ሙቀቱ ግን አይለቅም። ወደ አዲስ አበባ የሚነሳውን ባቡር ስጠብቅ በስልኬ የአንግ ሊን «ቴኪንግ ውድስቶክ» ከፈትኩ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ነው።

ታሪኩ በኦገስት 1969 ኒውዮርክ ውስጥ፣ ቤቴል በምትባል የገጠር ቀበሌ ስለተደረገው፣ ውድስቶክ ስለተባለው የሂፒዎች የሙዚቃ ድግስ ነው። ዎልኪል የተባለችው ከተማ አዘጋጆቹን ስትመልሳቸው፣ ማክስ ያስገር የተባለ የወተት ላም አርቢ እርሻውን አከራያቸው። ከ400,000 በላይ የሚገመት ሕዝብ ጎረፈ፤ አጥሩ ሳያልቅ ስለደረሰ ድግሱ ነጻ ሆነ። ዘፋኞቹን ማየት የሚፈልግ የማይክል ዋድሊን የ1970 ዘጋቢ ፊልም ይመልከት። አንግ ሊ መድረኩን ትቶ፣ የወላጆቹን የከሰረ ሞቴል ለማዳን የሚሯሯጠውን ኤልየትን ይከተላል።

ብዙዎች ያማረሩት በዚህ ነው፤ እኔ የወደድኩትም ይህንኑ። ፖሊሱ ኤልየትን በሞተር ብስክሌት አፈናጦ በተዘጋጋው መንገድ ሲያልፍ፣ ያ ሁሉ መንገደኛ በዓይናችን ፊት ይተማል። ከዚያ ውጭ ፊልሙ ወጣ ገባ ነው። ኢሜልዳ ስታውንተንን የመሰለች ተዋናይ ስስታም እናት ሆና ከማስፈገግ አታልፍም፤ ኤልየት መኪና ውስጥ ኤልኤስዲ የተባለውን ዕፅ የሚወስድበት ክፍልማ ማለቂያ የለውም።

አጠገቤ የተቀመጡ የድሬዳዋ ነጋዴ ስልኬን አጮልቀው፣ «አቦ፣ ይሄ ሁሉ ልጅ በእግሩ የት ነው?» አሉኝ።

«ዘፈን ሊሰሙ ነው፣ እማማ።»

«ለዘፈን!» ብለው ወደ ዕቃቸው ዞሩ።

ጥያቄያቸው ግን ሌሎች እግረኞችን አስታወሰኝ። ለብዙ የአገሬ ልጅ ናጋድ ባቡር ጣቢያ አይደለም፤ የተያዘ ስደተኛ እስኪመለስ የሚቆይበት የፖሊስ ግቢ ነው። በእግራቸው በረሃውን አቋርጠው ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን የሚያቀኑት ልጆች ዕድሜያቸው ከነዚያ ጸጉረ ረጃጅሞች አይበልጥም። ቤቴል ላይ ምግብ ሲያልቅ የአካባቢው ሰው አዋጥቶ አበላ፤ ሐኪም በሄሊኮፕተር መጣ። ኦቦክ መንገድ ላይ ውኃ ያለቀበት ልጅ ሄሊኮፕተር አይጠብቅም።

ይህን እያሰብኩ ሳይ ከፊልሙ ሰዎች ሁሉ የቀረበኝ ቢሊ ነው፤ ከቬትናም የተመለሰው ወታደር። በዚያ ሁሉ ፈንጠዝያ መሀል ፍርሃት ይዞ የሚዞር እሱ ብቻ ይመስላል። አንግ ሊ ለኤልኤስዲው ከሰጠው ደቂቃ ግማሹን ለቢሊ ቢሰጠው ኖሮ ሌላ ፊልም ባየሁ ነበር።