ከባቢሌ በታች፣ የኤረር ሸለቆ ዝሆኖች

ድሬዳዋ ላይ «ኤረር» ብትሉ ሰው ሁሉ የሚያስበው በድሮው የባቡር መስመር ያለውን ባለፍልውኃውን ኤረር ነው። የዛሬው ማስታወሻዬ ግን ስለ ሌላኛው ኤረር ነው፤ ከሐረርጌ ደጋ ተነስቶ በሐረርና በባቢሌ መካከል አልፎ ወደ ዋቢ ሸበሌ ስለሚወርደው ወንዝ። በዚህ ወንዝ ዳርና በጎረቤቱ በጎበሌ ሸለቆ የዱር ዝሆን አለ። የከተማችን ሰው የሐረርን ጅብ ለእንግዳ ያሳያል፣ ይተርካል፤ ስለ ዝሆኖቹ ግን ሲያወራ ብዙም አይሰማም።

በማለዳ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጣን፤ ሐረማያን፣ ሐረርን አለፍን። ከሐረር በኋላ መንገዱ እንደገና ቁልቁል ይወርዳል። የጫቱና የማሽላው ማሳ እየሳሳ፣ ግራርና ቁልቋል እየበዛ፣ ሙቀቱም እንደ ድሬ እየሆነ ይመጣል። ባቢሌ በኦቾሎኒዋና በግመል ገበያዋ የታወቀች ናት፤ እኛ ግን ስካውት ይዘን ወዲያው ወደ ሸለቆው ወረድን።

የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ስፋቱም 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር። በዚያ ስፋት ውስጥ ጥቂት መቶ ዝሆን መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። እንስሳቱ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጉም፤ ዝናብና ድርቅን ተከትለው ከሸለቆ ሸለቆ ይዘዋወራሉ። መኪናውን ትተን በእግር ሄድን።

መጀመሪያ ያጋጠመን አጋዘን ነው። ግራር ጥላ ሥር ቆሞ ነበር፤ ጎኑ ላይ የወረዱት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ከቅርንጫፎቹ ጥላ ጋር ተመሳስለው፣ ስካውቱ ጣቱን እስኪቀስር ድረስ ከማንኛችንም ዐይን ተሰውሮ። ሁለት ዙር ተጠማዝዘው ወደ ላይ የወጡ ቀንዶች፣ በዐይኖቹ መካከል ነጭ ምልክት፣ ለብቻቸው የሚዞሩ ሰፋፊ ጆሮዎች። አንዴ እንደ ውሻ ጮኸና ቀንዱን ወደ ኋላ አስተኝቶ ጥሻው ውስጥ ገባ። ያን ብቻ አይቼ ብመለስ እንኳ ጉዞው አያስቆጨኝም ነበር።

ወደ ወንዙ ስንቃረብ ስካውቱ አንድ እፍኝ አሸዋ በትኖ የነፋሱን አቅጣጫ አየ። ዝሆን ዐይኑ ደካማ ቢሆንም ማሽተቱ ብርቱ ነው፤ ነፋስ ከጀርባ ይዞ የሚቀርበውን ሰው ከሩቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ዞረን ሄድን። መንገዱ ላይ ያልደረቀ ፋንድያ አገኘንና ስካውቱ በዱላው ፈለጠው፤ ውስጡ የግራር ልጣጭና የቁልቋል ዘር ሞልቷል። ይህ ፍሬው የሚበላው እሾሃም ቁልቋል ከአሜሪካ ምድር የመጣ መጤ ነው፤ የባቢሌ ዝሆኖች ግን ከነእሾሁ ይበሉታል።

«አርባ» አለን ስካውቱ በሹክሹክታ፤ በኦሮምኛ «ዝሆን» ማለቱ ነው።

ከማዶ አንድ ቅርንጫፍ ተሰበረ። ቀድማ የወጣችው ትልቋ እናት ናት፤ የዝሆን መንጋ የሚመራው መንገዱንና የውኃውን ቦታ በምታውቅ በዕድሜ የገፋች ሴት ነው። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶችና ግልገሎች ተከተሉ። በስፍራው የወንዙ ወለል አሸዋ ብቻ ነበር። እሷ አንድ ቦታ መርጣ በፊት እግሯ ትጭር ጀመር፤ አሸዋውን በኩምቢዋ እያወጣች ወደ ጎን ትጥላለች። ጉድጓዱ ውኃ እስኪያቆር ጥቂት ጠበቀች፣ ከዚያ ስባ አፏ ውስጥ ገለበጠች። ትንሹ ግልገል በኩምቢው መጠጣት ገና አልለመደምና ተንበርክኮ በአፉ ጠጣ። እናቱ 22 ወር አርግዛዋለች። ትልቅ ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውኃ ሊጠጣ ይችላልና፣ ያ ጉድጓድ ለመንጋው የሕይወት ጉዳይ ነው።

አገራችን ከዝሆን ጥርስ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር ላይ ሲነግድ ከሸቀጦቹ አንዱ ይኸው ነበር። ዓለም አቀፍ ንግዱ እንዲታገድ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2015 ስድስት ቶን ያህል የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥላለች። አዳኙ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ከእሱ ባልተናነሰ የሚያሰጋው ደግሞ የማሳው መስፋፋት ነው። መጠለያው ውስጥ ሰው ሰፍሯል፣ ይታረሳል፣ ከሰል ይከሰላል። ማሽላው በአንድ ሌሊት የተረገጠበትን ገበሬ «ዝሆን ጠብቅ» ማለት ደግሞ በባዶ ቃል አይሆንም። ከጎብኚ የሚገባው ገንዘብ እሱ ጋ መድረስ አለበት፤ መጠለያው ያረፈባቸው የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎችም ወሰኑን ከነዋሪው ጋር ተነጋግረው መሬት ላይ ሊያሰምሩት ይገባል።

የድሬ ልጆች፣ ሐረር ለጅቡ ስትወጡ አንድ ቀን ጨምሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፣ ያለ ስካውት አትግቡ፣ ደማቅ ልብስና ሽቶ ይቅርባችሁ፣ ግልገል ወዳላት እናት አትጠጉ። ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጌጥ የሚያቀርብላችሁ ካለ ደግሞ አትግዙ።