ጧሪና ተጧሪ

‹ጡረታ› የሚለውን ቃል የመሥሪያ ቤት ቃል አድርገን ስለ ለመድነው ከየት እንደ መጣ አናስበውም። ቃሉ ግን ከቢሮ አልተወለደም፤ የተወለደው ከጓዳ ነው። ጦረ፣ ጧሪ፣ ተጧሪ፣ ጡረታ። ዘመዱም የግዕዙ ‹ጾረ› ነው፤ ተሸከመ ማለት። ወላጅ ልጁን ተሸክሞ ያሳድጋል፤ ልጅም በተራው ወላጁን ይሸከማል። ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ይህን ተራ አስቦ ነው። መንግሥት ለአረጀ ሠራተኛው የሚከፍለውን ገንዘብ በሌላ ስም ሊጠራው ይችል ነበር፤ የያዘው ግን የልጅን ስም ነው። አስቦም ይሁን ሳያስብ፣ ለሠራተኛው «ልጅ እሆንሃለሁ» ብሎታል።

እኔ በደብረ ብርሃን ከተማ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ግጥም የምጽፈው ማታ ማታ ነው፤ ቀን ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። ጡረተኞች የሚመጡበትን ሰሞን ከሌላው ቀን የምለየው በድምፅ ነው፤ አዳራሹ በሳልና በሰላምታ ይሞላል። የደብረ ብርሃን ብርድ ለማንም አያዝንምና ጋቢው በካፖርት ላይ ተደርቦ፣ ከዘራው ከወንበር ተደግፎ፣ መምህሩ ከነርሷ፣ ዘበኛው ከሹሙ ጎን ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። በሥራ ዘመናቸው አንዱ ሌላውን በር ላይ ያስቆመው ይሆናል፤ እዚህ ግን ሁሉም አንድ ስም አላቸው፤ ባለመብት።

እኔ የማየው የመንገዱን መጨረሻ ብቻ ነው። ክፍያው የሚወሰነው ሰውየው ወደ እኔ መስኮት ከመምጣቱ በፊት ነው። አሠሪው መሥሪያ ቤት የቅጥሩን ደብዳቤ፣ የሕይወት ታሪክ ቅጹንና የደመወዙን ማስረጃ አሰናድቶ ይልካል፤ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የሚባለው ተቋም መርምሮ አበሉን ይወስናል። የአንድ ሰው ሠላሳና አርባ ዓመት እንዲህ በአንድ የወረቀት አቃፊ ውስጥ ይገባል።

ነገሩ ያለ ታሪክ አልመጣም። ከደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠችው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረች ጊዜ፣ ለመንግሥት ያገለገለ ሰው የሚኖረው በመሬት ነበር። ‹ማደሪያ› ይባል የነበረው መሬት በደመወዝ ፈንታ፣ አንዳንዴም በጡረታ ፈንታ ይሰጥ ነበር። የስሙን ልክነት ልብ በሉልኝ፤ የሚያድሩበት ነው፣ ውሎ አድሮ ግን ሰጪው ሊነሣው ይችላል። ማደሪያ በጌታው ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲወጣ ነገሩ ከፈቃድ ወደ መብት ተሻገረ። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ 6 በመቶ ያዋጡ ጀመር። ያ አዋጅ በ345/1995፣ እርሱም በ714/2003፣ እርሱም በ1267/2014 ተተካ። መዋጮው ደረጃ በደረጃ አድጎ ዛሬ ከሲቪል ሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሆኗል። ቀድሞ 55 የነበረው የመውጫ ዕድሜም 60 ነው። በ2003 በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞች በራሳቸው ፈንድ ታቀፉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አሥር ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፤ ከአሥር በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ከዚያ ጣሪያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ስድሳ ሲቀነስ አርባ ሁለት፣ አሥራ ስምንት ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያውን የሚነካው በ18 ዓመቱ ገብቶ አንድ ቀን እንኳ ሳያጎድል በ60 ዓመቱ የወጣ ብቻ ነው።

ይህን ስሌት የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ አንኮበር ውስጥ አንደኛ ደረጃ ያስተማረ መምህር ነው፤ የተቀጠረው በመስከረም 1970 ነበር። የልደት ወረቀት አልነበረውም፤ በዚያ ዘመን በገጠር የነበረው ማን ነበር? አያቴ የልጆቿን ዕድሜ የምትቆጥረው በዘመኑ ወሬ ነበር። ስለ እርሱ ስትጠየቅ «የታኅሣሥ ግርግር ሲሰማ ገና ደግፈው ነው የሚያስቀምጡት» ትል ነበር። ግርግሩ በታኅሣሥ 1953 ነውና አባቴ የተወለደው በ1952 ሰኔ ገደማ ነው። ቅጹን የሞላለት ጸሐፊ ግን ቁመቱን አየና «ሃያ ይሆንሃል» ብሎ 1950 ጻፈ። አባቴም ሥራ ያገኘ ልጅ ነበርና ዝም አለ።

ሕጉ ደግሞ መጀመሪያ ሲቀጠር የተመዘገበውን ዕድሜ ይይዛል፤ በኋላ የመጣ ማስረጃ አይቀይረውም። ሕጉን አልነቅፈውም፤ ዕድሜ እንደ ልብ የሚቀያየር ቢሆን ኖሮ ስድሳ የሚሞላው ማን ይገኝ ነበር? ሆኖም አባቴ በ2010፣ ገና 58 ሳይሞላው፣ በወረቀቱ ዕድሜ ተሸኘ። አርባ ዓመት አገልግሏል፤ 67.5 በመቶ ነው። እውነተኛው ዕድሜው ተጽፎ ቢሆን በ18 ዓመቱ በሰኔ 1970 ተቀጥሮ፣ በሰኔ 2012 ይወጣ ነበር። ልክ 42 ዓመት። ልክ 70 በመቶ። አባቴ ይህን በመዝገብ ጀርባ በእርሳስ አስልቶ አሳይቶኛል። የሂሳብ መምህር ነበርና መልሱ ልክ በመምጣቱ ደስ ያለው ይመስል ነበር።

በጡረታ ሕግ ውስጥ እንደ ግጥም የማነባቸው ቃላት አሉ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ለሚወጣ ሰው አንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ‹ዳረጎት› ይባላል፤ በሰው አፍ ግን ዳረጎት ጥቂት ቁራሽ፣ የእግረ መንገድ ስጦታ ነው። ሟች ትቷቸው የሄደ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ‹ተተኪዎች› ይባላሉ። ማንን ይተካሉ? ለሚስት የሟቹ አበል ግማሽ፣ ለአንድ ልጅ 20 በመቶ፣ በሟቹ ድጋፍ ይኖሩ ለነበሩ እናት ወይም አባት ለእያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይታሰባል። እዚህ ላይ ሕጉ የቃሉን ሥር ያስታውሳል፤ ልጅ ቀድሞ ሲሞት፣ ይሸከም የነበረውን ሸክም በጥቂቱ መንግሥት ይረከባል። ልጇን ቀብራ የልጇን አበል ለመቀበል የምትመጣ እናት ግን ብሩን ስትቆጥር አይቼ አላውቅም። እንዲሁ ታጥፈዋለች።

ባለመብቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። በቋንቋው ‹ህልውና ማረጋገጥ› ይባላል። የሞተ ሰው አበል እንዳይበላ ነው፤ ልክ ነው። እግሩ የከዳውን ሽማግሌ ግን ልጆቹ ደግፈው ሲያመጡት፣ እርሱም «አለሁ፤ ይኸው አለሁ» ሲል፣ ፍልስፍናው ለፈላስፋ የሚተርፍ ነው።

ፈንዱን በተመለከተ፣ ብዙው ገንዘብ ለረጅም ዘመን የተቀመጠው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ነው። ሰነዱ አስተማማኝ ነው፤ አይጠፋም። አለመጥፋትና አለማነስ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። አበሉ ከገበያው ጋር በራሱ አይነሣም፤ ከፍ የሚለው ማስተካከያ ሲወሰን ነው። ጤፉ ደግሞ ውሳኔ አይጠብቅም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያለውን እኔ ለባንክ ደንበኛ በቁጥር ማስረዳት እችላለሁ፤ ለአባቴ ግን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ገንዘብ ስልክለት «የመንግሥቱ ሳያልቅ የአንተን ምን አደርገዋለሁ?» እያለ ይመልስልኝ ነበር። ይህን ሲል ኩራት ነበረው። አርባ ዓመት በየወሩ ያስቆረጠው የራሱ ገንዘብ ነው፤ ማንም የሰጠው አይደለም፤ የልጁን እጅ አያይም። ጡረታ ማለት ለእርሱ ይህ ነበር፤ ከልጅ ትከሻ መውረድ። ጎረቤቶቹ ገበሬዎች ይህ የላቸውም፤ የእነርሱ ጡረታ ልጅ ነው፣ መሬት ነው፣ የመጨረሻውም እድር ነው። መምህሩ አባቴ በመካከላቸው እንደ ሀብታም ይታይ ነበር።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ያንን ጥያቄ መጠየቅ ትቷል። «አባባ፣ ይቺን ይያዙ» ስለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብሎ ይቀበለኛል። እኔን የሚከብደኝ ብሩ አይደለም፤ ስሰጠው ደስ ይለኛል፤ እንዲያውም ልጅነቴ ነው። የሚከብደኝ እርሱ ዝም ማለቱ ነው። አርባ ዓመት የከፈለበት ነገር ከእኔ እጅ ሊያድነው ነበር፤ አላዳነውም።

አንባቢ ሆይ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ሠራተኛ ከሆንህ እስቲ አንድ ቀን ወደ ሰው ኃይል ክፍል ግባና ማኅደርህን ተመልከት። የልደት ዘመንህ እንዴት እንደ ተጻፈ፣ የቅጥር ደብዳቤህ መኖሩን፣ ትዳርህና ልጆችህ መመዝገባቸውን እይ። ወረቀት ይጠፋል፤ ከተማም ይቃጠላል። በሚያዝያ 2013 የሰሜን ሸዋዋ አጣዬ እንዴት እንደ ነደደች እናውቃለን፤ ሰው ከእሳት ሲሸሽ መጀመሪያ የሚያነሣው ልጁን ነው እንጂ የቅጥር ደብዳቤውን አይደለም።

ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን ልደት በቀበሌ ይመዘገባል። ሴት ልጄ በተወለደች በሁለተኛው ወር ሄጄ አስመዘገብኋት። መዝጋቢዋ ቀኑን ከሆስፒታሉ ወረቀት እያየች ስትጽፍ እስክሪብቶዋን በዓይኔ ተከተልሁ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ለአባቴ ደወልሁለትና ቁጥሩን አነበብሁለት። «ድገመው» አለኝ። ደገምሁለት። «እኔ ጋ ጻፍሁት» አለ፤ በእርሳስ እንደሆነ ገባኝ።